ይታይሽን ያስቀረ የነጠላ ጫፍ

ተረቴ አጭር ናት፤ ጭራዋ ግን ረጅም ነው።

ይታይሽ የምትባል እናት በአንድ የበጋ ጠዋት ጀሪካኗን አንስታ ወደ ምንጭ ልትወርድ ተነሳች። ልጅ የሚጠብቁላት ጎረቤቷ እማማ ጠጂቱም ጥጣቸውን ይዘው መጥተዋል። የሦስት ዓመቷ አንጓች ግን የእናቷን ነጠላ ጫፍ ጨምድዳ ያዘች። ልቀቂኝ ብትላት እምቢ አለች። ምንጩ እዚሁ ታች ነው፤ ለአንጓች ግን ከበሩ ወዲያ ያለው ሁሉ ሩቅ አገር ነው።

ይታይሽ ድመቷን፣ ልጄን አጫውቻት አለቻት። ድመቷ፣ ወተት ካልጠጣሁ አላጫውትም አለች። ድመቷ አታጫውት፣ አንጓች አትለቅ፣ ይታይሽ አትሄድ።

ልጇን ከነጠላው ጋር እየጎተተች ላሟን ወተት ለመነች። ላሟ፣ ሣር ካልበላሁ አልታለብም አለች። ላሟ አትታለብ፣ ድመቷ አታጫውት፣ አንጓች አትለቅ፣ ይታይሽ አትሄድ።

የጓሮውን ሣር እባክህ ብቀል አለችው። ሣሩ፣ ውሃ ካልጠጣሁ አልበቅልም አለ። ሣሩ አይበቅል፣ ላሟ አትታለብ፣ ድመቷ አታጫውት፣ አንጓች አትለቅ፣ ይታይሽ አትሄድ።

በአጥሩ ላይ አሻግራ ውሃውን ተጣራች። ውሃው፣ ቀጂ ካልመጣ ከምንጬ አልወጣም አለ። ውሃው አይወጣ፣ ሣሩ አይበቅል፣ ላሟ አትታለብ፣ ድመቷ አታጫውት፣ አንጓች አትለቅ፣ ይታይሽ አትሄድ።

ቀጂዋስ ማን ናት? ራሷ ይታይሽ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነጠላ ጫፍ ላይ ወደቀ። ይሄኔ ቁጭ አለችና፣ ገና አሁን፣ ልጇን ለምን እንደማትለቃት ጠየቀቻት።

«ትናንት ወፏን እያት አልሽኝ። ወፏን አየሁ። ስዞር የለሽም።»

ይታይሽ አፈረች። ልጅን በወፍ አታልሎ የመሄዱን ብልሃት ያስተማሯት እማማ ጠጂቱ ነበሩ። እሳቸውም ከእንዝርታቸው ቀና ሳይሉ፣ እኔ ሰባቱንም ልጆቼን ያሳደግኋቸው በወፍ ነው አሉ። ብልሃቱ ግን ልቅሶውን ከእናት ጆሮ አራቀው እንጂ አላስቀረውም።

ይታይሽ ነጠላዋን አውርዳ ልጇን አለበሰቻት።

«አሁን እሄዳለሁ፤ ስሄድ እዪኝ። ውሃ ቀድቼ እመጣለሁ። እስክመጣ ነጠላዬን ጠብቂልኝ።»

አንጓች አለቀሰች። ግን ለቀቀች።

አንጓች ለቀቀች፣ ይታይሽ ሄደች፣ ውሃው ወጣ፣ ይታይሽም እንዳለችው መጣች። ሣሩ በቀለ፣ ላሟ ታለበች፣ ድመቷም ጠጥታ ልታጫውት ቀረበች፤ አንጓች ግን ከእናቷ ጭን ላይ ሆና ዞር ብላም አላየቻት።

በማግስቱ ጀሪካኑ ሲነሳ አንጓች ነጠላውን ተከናንባ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሄደሽ ነይ» አለች።

ተረቴም ሄዳ መጣች።