ሊጥ ያቦኩት ሸኽ

ሁለት እጅ ሰጥቶ የእጅን ሥራ ላስወደደን ጌታ ምስጋና ይድረሰውና፣ ከቀደሙት ደጋግ ሰዎች የአንዱን ነገር ላውጋችሁ።

በድንጋይ ግንብ በታጠረች አንዲት የጥንት ከተማ ሸኽ ሙዘይን የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በመስጂዱ ጥግ ተቀምጠው ለደረሶች፣ ለተማሪዎቻቸው፣ ኪታብ አቅርተዋል። ሰው ሲጣላም ሆነ ውርስ ሲካፈል «ሸኽዬ ምን ይላሉ?» ሳይባል ነገር አይቆረጥም ነበር።

ስልሳ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ዓይናቸው ጠፋ። ደረሶቻቸው «በቃልዎ ያውቁታልና አይተዉን» ብለው ለመኗቸውና ጥቂት ወራት በቃላቸው አስተማሩ። አንድ ቀን ግን ስለ ውርስ ሲያስረዱ የአንዱን ወራሽ ድርሻ ለሌላው ሰጥተው ተናገሩ። አንድ ደረሳ ኪታቡን ገልጦ በትሕትና አረማቸው። ሸኽ ሙዘይን እጃቸውን ዘርግተው የተገለጠውን ኪታብ ዳበሱ።

«ዛሬ የሚያርመኝ ተገኘ። ነገ ባይገኝ የየቲም፣ የሙት ልጅ ሐቅ በእኔ ምላስ ይጠፋል። ኢልም አማና ነው፤ ዕውቀት አደራ ነው» አሉና ከወንበራቸው ተነሡ። አልተመለሱበትም።

ከተማው አልጣላቸውም። ሐጂ ሸረፈዲን የተባሉ ባለጸጋ ነጋዴ በየወሩ እህልና ቅቤ ይልኩላቸው ጀመር። ሸኹ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት ከታናሽ እህታቸው ከተውሒዳ ጋር ነበር። እሷም ባሏ የሞተባት ናት፤ ዳቦ እየጋገረች ለገበያ ታቀርባለች። ሸኹ ከሶላት እስከ ሶላት ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። ጠግበው ያድራሉ፤ ግን እየከሱ ሄዱ። ጣቶቻቸው የኪታብ ገጽ የሚገልጡ ይመስል ጭናቸውን ሲዳብሱ ይውላሉ።

አንድ ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተውሒዳ ቡሃቃው ላይ ጎንበስ ብላ ስታለከልክ ሰሟት።

«ተውሒዳ፣ ሊጡን ለእኔ ልቀቂልኝ።»

«ወንድምዓለም፣ ቀልድዎን ነው?»

«ቀልድ አይደለም።»

«ዓይንዎ እንዲህ ሆኖ?»

«ሊጥ የሚታሸው በዓይን ነው እንዴ?»

ተውሒዳ ሳቀች። ፊታቸውን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችና እጃቸውን አስታጠበቻቸው።

በመጀመሪያው ቀን ውኃ አበዙበት፤ ሊጡ እስከ ጢማቸው ድረስ ተለጠፈ። በማግስቱ ድንጋይ አደረጉት። በሦስተኛው እርሾው በዝቶ ስለኮመጠጠ ለዶሮ ተሰጠ። በዘጠነኛው ቀን የምድጃው አፍ ክንዳቸውን ገሸለጠው። ተውሒዳ ማር እየቀባችላቸው አለቀሰች።

«አላህ ያላስገደደዎትን ነገር ማን አስገደደዎት?»

«ነሕው፣ የዐረብኛውን ሰዋስው፣ ለመማር ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል» አሉ ሸኹ። «ዘጠኝ ቀን ለዳቦ ይበዛል? ነገም አቦካለሁ።»

በነጋውም አቦኩ። ከዚያም ወዲያ።

በሦስተኛው ወር ሊጡ ከመዳፋቸው ሥር ተለወጠ። ለሰለሰ፤ በአውራ ጣታቸው ሲጫኑት ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ልክ እንደሚተነፍስ ነገር። ትንፋሻቸውን ውጠው አዳመጡት።

«ተውሒዳ! ነይ፣ ንኪው!» ብለው እንደ ልጅ ጮኹ።

ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ ሥሩን በጣታቸው አንኳኩ፤ ጥሩ ድምፅ ሰጠ። ትኩሱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እንባቸው ጢማቸውን አራሰው። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ከእጃቸው አንድ ነገር ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ወሬው ገበያ ደረሰ። ሐጂ ሸረፈዲን ሁለት የጀማዓ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ሸኹ እስከ ክርናቸው ዱቄት ሆነው ቡሃቃው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ሸኽዬ፣ ምን አጎደልንብዎ?» አሉ ሐጂ። «ከተማው ሸኹን ለዳቦ ጋጋሪነት ዳረገ እየተባለ ነው። ይህ እኛንም ያዋርዳል፤ የዓሊምን ጥምጣምም ያረክሳል።»

«ምንም አላጎደላችሁብኝ፤ አላህ ይክፈላችሁ። ነቢዩላህ ዳውድ መንግሥት እያላቸው ከእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር። ነቢዩላህ ዘከሪያ አናጢ ነበሩ። የእኔ ጥምጣም ከእነሱ በለጠና ነው የሚረክሰው?»

ሸኹ ቀጠሉ፦

«ሌላም ነገር አለ፣ ሐጂ። ሠርቼ መብላት ከቻልኩ ሰደቃው ለእኔ አይገባም። ቆዳ ፋቂዎች ሰፈር አንድ ሽባ ሰው አለ፤ ከዚህ ወር ጀምሮ እህሉን ለእሱ ይላኩለት።»

ሽማግሌዎቹ ተሰናብተው ሄዱ። ሐጂ ሸረፈዲን ግን ተቆጥተው ቆመው ቀሩ። ሸኹ ቁጣቸውን ከአተነፋፈሳቸው ለዩት።

«ሐጂ፣ ይታጠቡ።»

«ምን?»

«እጅዎን።»

ግራ ገባቸው፤ ሆኖም የሸኽን ቃል አልናቁም፤ ታጠቡ። ሸኹ ከሊጡ ቆርሰው መዳፋቸው ላይ አኖሩላቸው። ሐጂ መጀመሪያ በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነካኩት።

«ቢስሚላህ ይበሉና ጠንከር አድርገው ይጫኑት። አይፍሩት።»

ሐጂ ንግዱን ከአባታቸው ወርሰው ሌላውን ሲያዙ የኖሩ እንጂ አንድ ዕቃ በእጃቸው ሠርተው አያውቁም። እያሹ ሄዱ፤ ወቀሳውን ረሱት። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። የጋገሩት ዳቦ አንድ ጎኑ አብጦ ሌላው ተጨማዶ ወጣ፤ ተውሒዳ በሻሿ አፏን ሸፈነች። እሳቸው ግን በኩታቸው ጠቅልለው በገበያው መሐል ራሳቸው ተሸክመውት ሄዱ። ለሚያገኙት ሁሉ ኩታውን ገለጥ እያደረጉ «የጋገርኩት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ።

«ሸኽዬ፣ ምን አደረጉኝ? ማዕዴ ላይ ከዚያ የተሻለ ዳቦ ሳይቀርብ ቀርቶ አያውቅም፤ እንደዚያ የጣመኝ ግን የለም።»

ሸኽ ሙዘይን ፈገግ አሉ። «ሆድን ማንም ይሞላዋል፤ እጅን የሚያጠግበው ሥራ ብቻ ነው» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ፤ ሊጥ ያላቦኩት በሞቱበት ሳምንት ብቻ ነበር ይባላል።

ወገኖቼ፣ ይህ ታሪክ ሰደቃን የሚነቅፍ እንዳይመስላችሁ። ሐጂ ሸረፈዲን ደግ ሰው ነበሩ፤ አጅራቸውም አላህ ዘንድ አይጠፋም። ነገር ግን ለደከመ ሰው ጉርሻ ስናቀርብለት «አንተ ተቀመጥ» ማለትን እንደ ክብር እንቆጥረዋለን። ሸኹ ዓይናቸውን ሲያጡ ከተማው ሁሉ ሆዳቸውን አሰበ፤ እጃቸውን ያሰበላቸው አልነበረም። እስቲ ቤታችሁ ስትገቡ ከቡሃቃው ሊጥ፣ ወይም ከጥግ ያላለቀ ስፌት ካለ፣ ታጥባችሁ ቅረቡ። በቤቱ ካሉት አዛውንት አጠገብ ቁጭ በሉና ሥራውን ግማሽ ለእሳቸው ስጧቸው።