«ጠግቤአለሁ» ያለችው አንጓች

«ተረት ተረት።»
«የላም በረት።»
«ከበረቱ ውጭ የቀረ አለ?»
«የለም።»
«እንግዲያስ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም እግርህን ሰብስብ፤ ትልቅ ሰው ሲያወራ እግር አይዘረጋም።»

በድሮ ዘመን ነው። በአንድ ወንዝ ዳር ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ያለቻት አንድ ልጅ ናት፤ አንጓች ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ሰርግ ቤት ሄዱና፣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ማዕዱም ሳይባረክ፣ አንጓች ከገበታው ሥጋ አንስታ ጎረሰች። ልጅ አይደለች? እርቧት ነዋ። አንዲት ጎረቤት ግን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አድርጋ፦ «ምን ታድርግ፣ ሴት ያሳደጋት» አለች። ዘርፌ ሰማች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከዚያም ወዲህ ሥራዋ ልጅ መቅጣት ሆነ። ትልቅ ሰው ሲመጣ ተነሺ። ሰው ሲያወራ ጣልቃ አትግቢ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፦ «በሰው ቤት ምግብ ሲሰጡሽ ‹ጠግቤአለሁ› በይ። ቢለምኑሽም እምቢ በይ። እኔን ሳታዪ አፍሽን እንዳትከፍቺ። በዓይኔ ከጠቀስኩሽ ትበያለሽ፤ ካልጠቀስኩሽ ወዮልሽ» ትላታለች። ስትረሳ ጭኗን ትቆነጥጣታለች። ቁንጥጫን ታውቁት የለ? ትስቃላችሁ ደግሞ። አንጓችም ተማረች። ሰፈሩ ሁሉ አመሰገናት፤ ዘርፌም ኮራች። ማር ሲበዛ እንደሚመር ያን ጊዜ ማን ነግሯት።

ክረምት ሲገባ አንድ ጧት ዘርፌ፦ «ይህን ወንፊት ለእማማ ላቀች መልሺላቸውና ቶሎ ነዪ» ብላ ልጅቷን ላከቻት። እማማ ላቀች ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም ነበርና አንጓች ተሻገረች፤ ወንፊቱንም አደረሰች። ከዚያም ከላይ ከደጋው ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ሞልቶ መጣ። ግንድ ያገላብጣል፣ ድንጋይ ያንከባልላል። ድልድይ የለ፣ ዋናተኛ የሚደፍረው አይደለ።

ዘርፌ በመጀመሪያው ቀን አልፈራችም። «እማማ ላቀች ዘንድ ናት፤ አይርባትም» አለች። በማግስቱም ውሃው አልጎደለም። ያን ጊዜ ፈራች፤ እህልም አልወርድ አላት። በሦስተኛው ቀን ጧት «ምናልባት ጎድሎ እንደሆነ» ብላ፣ ለልጇ ዳቦ በነጠላዋ ቋጥራ ወረደች። ማዶ ብታይ እማማ ላቀች አንጓችን አቅፈው ተቀምጠዋል። የልጅቷ አንገት አይቆምም።

«ልጄ ምን ሆነች?» ብላ ተጣራች። ወንዙ ድምጿን ዋጠው። አሮጊቷም መጮኹ እንደማይረባ አውቀው በእጃቸው አሳዩዋት። በወተት የራሰ ቁራሽ አንስተው ወደ ልጅቷ አፍ አስጠጉ። አንጓች እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ጎንበስ አለች፤ ፊቷንም መለሰች።

ዘርፌ ያን አኳኋን አወቀችው። ራሷ ያስተማረቻት ነው። ልጅቷ ውሃ ብቻ እየጠጣች ሦስት ቀን «ጠግቤአለሁ» ስትል ሰንብታለች። ውሃ አልከለከለቻትማ።

ዘርፌም «እኔው ገደልኳት» አለች። «ብዪ ልጄ፣ ብዪ» ብላ ጮኸች፤ ማን ሰምቷት። በዓይኗ ጠቀሰች፣ ደግማ ጠቀሰች፤ ከወንዝ ማዶ የዓይን ጥቅሻ ማን ያያል?

ከዚያም ነጠላዋን ፈታች። ዳቦውን ቆረሰች። ወደ ወንዙም ገባችና እጇ እስከቻለ ድረስ ወደ ማዶ ዘረጋች። ውሃው ጉልበቷን መታት፤ አልሸሸችም። በግራ እጇ ቀኝ ክንዷን ደግፋ፣ የከበረ እንግዳ እንደሚያጎርስ ሰው አንገቷን ሰበር አድርጋ ቆመች።

አንጓች ቀና አለች። እናቷን አየቻት። ቀስ ብላም አፏን ከፈተች።

እማማ ላቀች ሞኝ አይደሉም፤ የያዙትን ቁራሽ ቶሎ አጎረሷት። አንጓች አላመጠች፣ ዋጠች፣ ደግማ ከፈተች። ዘርፌም ደግማ ዘረጋች። እንዲህ ዘርፌ ከወዲህ ስትዘረጋ፣ እማማ ላቀች ከወዲያ ሲያጎርሱ፣ ትንሽ በትንሽ የልጅቷ አንገት ቆመ። ፊቷም መለስ አለ።

ያን ጊዜ ዘርፌ እፎይ አለች። አለቀሰችም፣ ሳቀችም። ከውሃው ወጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወንዙ በማግስቱ ጎድሎ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ተመለሰች፤ በዚያች ሰዓት ግን ገና ድንጋዩ ላይ ናት፤ ዳቦውም ከእጇ አልወጣም። ወደ ማዶ አየች። አንጓች አፏን በሰፊው ከፍታ በጣቷ ታሳያታለች፤ «አንቺም ጉረሺ» ማለቷ ነው። ዘርፌም ጎረሰች።

በሉ እንግዲህ ተረቴን መልሱ፤ ለአፌም ዳቦ ቁረሱ። ትልቁን ቁራሽ ነው ያልኩት፣ አይቼዋለሁ።