ሁለት ጥቅል ሲባጎ

በቆላ አገር የአደን መረብ እየሠራ የሚኖር አንድ ሰው ነበረ። የእሱን ነገር የምነግርህ ጠዋት ስለጠየቅኸኝ ጥያቄ ነውና ታግሠህ ስማኝ።

በዚያ አገር ከርከሮ ማሽላ ውስጥ እየገባ አዝመራውን ያጠፋል። ጦር ብቻውን አይመልሰውም። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች መረቦቻቸውን ጎን ለጎን አያይዘው ከጫካው አፍ ላይ ይገትራሉ። ግማሹ ሰው ከጫካው ወዲያ ሆኖ እየጮኸ አውሬውን ወደ መረቡ ያባርራል፤ ግማሹ ጦሩን ይዞ ከመረቡ ጀርባ ይጠብቃል። ትልልቁ ከርከሮ የሚመጣው በመሀል በኩል ነው። መሀል የሚገተረውን መረብ የሚሠራው ይኸው ሰው ነበር፤ ከእሱ በፊትም አባቱ ነበር።

ይበልጥ የሚታወቀው ግን ሲባጎ በመምረጥ ነው። ሲባጎ የሚሠራበት ቃጫ ውኃ ውስጥ ከልክ በላይ ከተዘፈዘፈ ይነጣል፣ ይለሰልሳል፣ ዓይን ይስባል፤ ውስጡ ግን ይበሰብሳል። ይህን አይቶ መለየት አይቻልም። ሰውየው ሲባጎውን በምራቁ ያርስና ከተከረረበት በተቃራኒ እየጠመዘዘ ወደ ጆሮው ያስጠጋዋል። የተበላሸ ከሆነ ውስጥ ውስጡን ይንጣጣል። ይህን የሚሰማ ጆሮ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

አንድ እንግዳ ከዚያ መንደር ሚስት አግብቶ መጣ። ያደገው ሐይቅ ዳር፣ በጥጥ ክር የዓሣ መረብ ሲሠራ ነው። እጁ ፈጣን፣ ቋጠሮው እኩል ነበር። ለጎረቤቶቹ የቆቅና የጅግራ መያዣ ሠርቶ ሰጣቸው። ሰዎች ሲሠራ ለማየት ደጁ ላይ መቀመጥ ጀመሩ።

መረብ ሠሪው መጀመሪያ አልከፋውም። አንድ ቀን ሚስቱ ከወንዝ ስትመለስ «የዚያ ሰው ቋጠሮ ጥልፍ ይመስላል» አለች። ክፉ አስባ አልነበረም። እሱ ግን የቀረበለትን ምግብ ገፋ አድርጎ ተነሣና የራሱን መረብ ከተሰቀለበት አውርዶ አየው። ዕድሜውን ሙሉ የኮራበት መረብ ያን ዕለት አስጠላው።

ከዚያ ወዲያ ዓይኑ ከእንግዳው ደጅ አልነቀል አለ። ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ማን የእሱን በር አልፎ ወደዚያ እንደሄደ ይመለከታል። የእንግዳውን ጉድለት ፈለገ፤ ቢኮራ፣ ቢዋሽ፣ ሰው ቢንቅ ደስ ባለው ነበር። እንግዳው ግን ባገኘው ቁጥር ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደርህ አያ?» ይለዋል። ይኸው ትሕትናው ይበልጥ አንገበገበው።

የአደኑ አለቃ አንድ ቀን ቤቱ ድረስ መጣ። «ዘንድሮ የመሀሉን መረብ እንግዳው ይሥራው ብለናል። አንተ ዳርና ዳሩን ያዝልን። ብዙ ደከምህ» አለው።

«ደግ» አለ ሰውየው።

በማግሥቱ እንግዳው ሁለት ጥቅል ሲባጎ ተሸክሞ መጣ። አንደኛው ነጭና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሁለተኛው ቡናማና ሻካራ።

«አያ፣ እኔ የማውቀው ጥጥ ነው። የቃጫ ነገር አይገባኝም። የቱ ይሻለኛል?» አለው።

ሰውየው ነጩን ሲባጎ አርሶ ጠመዘዘና ወደ ጆሮው አስጠጋው። ሲንጣጣ ሰማ። ቡናማውንም ሞከረ፤ አልተንጣጣም። እንግዳው በትዕግሥት ቆሞ ፊት ፊቱን ያየዋል። ሰውየው ሁለቱንም ጥቅል መለሰለት።

«ሁለቱም ያው ነው። ዓይንህ የወደደውን ውሰድ» አለው።

እንግዳው አመስግኖ ነጩን ወሰደ።

መረብ በአንድ ጀንበር አያልቅም። እንግዳው ክረምቱን ሙሉ ሠራ። ሰውየው በዚያ ባለፈ ቁጥር «ጎራ በል አያ፣ ተበላሽቶብኝ እንደሆነ እየው» እያለ ይጠራዋል። አንድ ጊዜ ገብቶ መረቡን በጣቱ ዳሰሰ። እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር አፉን ከፈተ። በዚህ መካከል ተቀምጦ የነበረ አንድ ጎረቤት «በዚህ አገር እንዲህ ያለ መረብ ተሠርቶም አያውቅ» አለ። ሰውየው አፉን ገጠመ። «ያምራል» ብሎ ወጣ።

የአደኑ ቀን ደረሰ። መረቦቹ ተገተሩ፤ ነጩ መረብ መሀል ላይ ሆነ። እንግዳው ጦሩን ይዞ ከበስተጀርባው በርከክ አለ። ጩኸቱ ሲነሣ አንድ ትልቅ ከርከሮ ቁጥቋጦውን እየሰበረ መጣና መረቡ ላይ ወደቀ። ከቋጠሮዎቹ አንዱም አልተፈታም። የተበጠሰው ሲባጎው ነው። ከርከሮው በተቀደደው ወጥቶ እንግዳውን ከጭኑ ላይ ተረተረው።

እንግዳው አልሞተም። ጉልበቱ ግን መታጠፍ እንቢ አለ።

የመንደሩ ሰው ሊጠይቀው ሲሰበሰብ መረብ ሠሪውም መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። የአደኑ አለቃ «ሲባጎው መጥፎ ኖሯል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። የታመመው ሰው ከተኛበት ቀና አለ።

«ሲባጎው ምንም አይወጣለት። አያ በእጁ ዳስሶ በጆሮው ሰምቶታል። እኔ አጥብቄ ስለገተርሁት ይሆናል» አለ።

ሁሉም ወደ መረብ ሠሪው ዞረው በአክብሮት አዩት። እሱ መሬት መሬቱን አየ።

የመሀሉ መረብ ተመለሰለት። የሚፈልገው ሁሉ እጁ ገባ። እንግዳው ግን ያነክስ እንደሆነ እንጂ መምጣቱን አልተወም። ጎጆ ሲሠራ፣ ፍየል ሲገዛ፣ ልጁን ሲድር፣ በትሩን ተደግፎ እየመጣ «አያ፣ አንተ እንዴት ታየዋለህ?» ይለዋል። ሰውየው የዚያን በትር ድምፅ ከሩቅ በሰማ ቁጥር የያዘውን ቋጠሮ ይስት ነበር። እስኪሞት ድረስ እንዲሁ እንደታመነ ኖረ።

እንግዲህ አንተ ጠዋት መጥተህ ምን አልኸኝ? «ወንድሜ በሬ ሊገዛ ሲል አሳይቶኝ ነበር። የኋላ እግሩ እንደሚከዳው አየሁ። ከወደድኸው ግዛው አልሁት። በሬውን የሸጥሁለት እኔ አይደለሁም፣ ክፉ ቃልም አልተናገርሁም፤ ታዲያ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?» አልኸኝ። የወንድምህ እርሻ ካንተ እርሻ አምሮ መታየቱን አልነገርኸኝም፤ እሱን እኔም አውቀዋለሁ።

መረብ ሠሪውም ሲባጎውን አልሸጠም፣ አልበጠሰምም። እንግዳው ግን የማያውቀውን አምጥቶ እፊቱ ያስቀመጠው ስላመነው ነው። ወንድምህም በሬውን እየጎተተ ደጅህ የመጣው ለዚሁ ነው። አንተም እንደ ሰውየው የበሬውን እግር አይተህ ስታበቃ ከወደድኸው ግዛው አልኸው።

ሰውየው ክረምት ሙሉ ጊዜ ነበረው። አንተ ያን ያህል የለህም። ወንድምህ የገዛውን በሬ ገና አልጠመደውም፤ የሚያርሰው ግን ገደል አፋፍ ያለውን መሬት ነው። አሁን ተነሥተህ ሂድና ንገረው። ለምን ያኔ አልነገርኸኝም ብሎ ይቆጣሃል። ይቆጣህ።