እሜቴ ያዘመመችበት ቅዳሜ

ይህችን የጋን ተረት ሁላችንም እንተርታታለን፤ ጋኑን ያየ ሰው መኖሩን ግን የሚያስብ የለም። የገብስ ሜዳ ሰዎች «ጋኑ የእኛ ነበር» ይላሉ። ሌላውም አገር የእኔ ነው ቢል አልከራከርም፤ እኔ የገብስ ሜዳ ልጅ ነኝና የእኛን አወራለሁ።

ገብስ ሜዳ በየዓመቱ፣ አዲሱ ገብስ ጎተራ በገባ በሦስተኛው ቅዳሜ፣ የጠላን በዓል ያከብራል። ጠላ ከመቀመሱ በፊት አለቃ ድንቁ የሚባሉ ሽማግሌ ይነሡና የጠላን ታሪክ ይናገራሉ፤ አንዲት ሴት ውኃ ውስጥ የረሳችውን ብቅል መድፋት አሳዝኗት እንዴት እንደቀመሰችው፣ ቀምሳም እንዴት ጎረቤቶቿን እንደጠራች። ከእሷ ጀምረው የበዓሉን ጠላ የጠመቁትን ሴቶች ስም በተራ ይጠራሉ። በእኛ አገር ስሟ የሚጠራ ሴት ሞተች አትባልም።

ጠላው የሚጠመቀው እሜቴ በምትባል ጋን ነው። እሜቴን ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ካልሆነ አያቅፋትም። ታችዋ እንደ እንቁላል ስለሆነ ጉድጓድ ተምሶላት፣ ዙሪያዋ በጭቃ ተመርጎ፣ በአንድ ጎኗ አንዲት ጥቁር ጠጠር ተሸጉጣላት ትቆማለች። ይህን የምታውቀው አስካለ ናት። አስካለ ባሏ የሞተባት ሴት ስትሆን፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እሜቴን በወይራ ያጠነች፣ ጌሾውን የወቀጠች እሷው ነበረች። ስሟም ከእናቷ ከማንጠግቦሽ ስም ቀጥሎ ይጠራ ነበር።

አንድ ዓመት ገብሷን በረዶ መታው። ለበዓሉ ማዋጣት የቻለችው ሁለት እፍኝ ብቅል ብቻ ነው።

«ደንብ ደንብ ነው» አሏት የበዓሉ አዛዥ ባላምባራስ ወሰኔ፣ በዕለቱ ጠዋት። «ቁና ገብስ ያላመጣ ዳስ አይገባም፤ ስሙም አይጠራም።»

«ገብሴን በረዶ እንደመታው ያውቃሉ፣ ባላምባራስ።»

«በረዶውን እኔ አላዘዝኩትም።»

ጠላውን ጠምቃ ከዳስ ውጪ ቁጭ በይ መባል! እኔ እስከ ዛሬ ስተርከው ያናድደኛል።

ባላምባራስ ያን ቀን ከወንዝ ማዶ ትልልቅ እንግዶች ጠርተው ነበር። ዳሱን አስጠረጉ፣ ቄጤማ አስጎዘጎዙ፤ ከእሜቴ ሥር ጠጠሯን ባዩ ጊዜም ፊታቸው ጠቆረ። «የአገሩ እመቤት በጠጠር ተደግፋ ትታይ?» ብለው አስፈልፍለው አስጣሏት።

«ተዉ፣ ባላምባራስ» አለች አስካለ ከዳሱ ደጃፍ ሆና። «አሁን የያዛት ጭቃው ነው። ጭቃው ከራሰ አትቆምም።»

«አንቺ ደግሞ ለጠጠር ታለቅሻለሽ?»

አስካለ ጠጠሯን ከጥራጊው ውስጥ አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ከዳሱ ውጪ ተቀመጠች።

እንግዶቹ ገቡ። እንደ ልማዱ የመጀመሪያው ሽክና ጠላ ለፊተኛዋ ጠማቂ መታሰቢያ ከጋኗ ሥር ይፈሳል። ባላምባራስ ግን እንግዳ ፊት አንድ ሽክና አነሰባቸውና ሦስት አፈሰሱ። ጭቃው ጠጣ፣ ላላ፤ እሜቴም ቀስ ብላ አዘመመች።

ስምንት ጎልማሶች ዘለው አቀፏት። ባላምባራስም ካባቸውን ጥለው ጉንጫቸውን ከጋኗ ሆድ ጋር አጣበቁ። ግንድ ቢያስገቡ ወደ ሌላው ጎን ገፋት፤ ትልቅ ድንጋይ ቢያመጡ አልገባ አለ። እንግዶቹ ባዶ ሽክናቸውን ይዘው ያያሉ።

«አስካለ የት ናት?» አሉ ባላምባራስ በታፈነ ድምፅ።

«ውጪ ነኝ» አለች። «ዳስ አይገባም ተብያለሁ።»

«ግቢ እንጂ!»

«ደንቡስ?»

«ደንቡን ኋላ እናየዋለን!»

«አሁን እንየው።»

 «ባላምባራስ፣ ስለ እግዜር ይፍረዱላት፤ ወገባችን አለቀ» አለ ከአቃፊዎቹ አንዱ።

«ግቢ፤ ስምሽም ይጠራል» አሉ ባላምባራስ።

«ሰማችሁ?» ብለው ጠየቁ አለቃ ድንቁ።

«ሰምተናል!» አለ ዳሱ በሙሉ።

አስካለ ገባች። በአቃፊዎቹ እግር መካከል ተሽሎክልካ ጠጠሯን ከቦታዋ አስገባችና በዘነዘና ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገቻት።

«ልቀቁ።»

ማንም አልደፈረም።

«ልቀቁ አልኳችሁ።»

አንድ በአንድ ለቀቁ፤ መጨረሻ የለቀቁት ባላምባራስ ናቸው። እሜቴ ቀጥ ብላ ቆመች። ዕልልታው ወንዝ ማዶ ተሰማ። አለቃ ድንቁ ታሪኩን ተናግረው ስሞቹን ጠሩ፤ «ማንጠግቦሽ» ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አስካለ» ሲሉ፣ እሷ ሰው ፊት መሆኗን ረስታ በደስታ አለቀሰች። የሚጠጣውን የመጀመሪያ ሽክና ቀድተው በሁለት እጃቸው የሰጧት ባላምባራስ ወሰኔ ራሳቸው ናቸው።

ከእንግዶቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ ከጋኗ ሥር አየና፣ «ስምንት ጎልማሳ ያቃተውን ይህች ናት የቻለችው?» ሲል ጠየቀ። አለቃ ድንቁም ወደ አስካለ እያዩ፣ «አዎ ልጄ፣ ጋን በጠጠር ይደገፋል» አሉት።