አያ ሶዲየም ወንድሞቹ የናፈቁት ዕለት

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ መልሱልኝ፤ ዛሬ ግን ላምም በረትም የለም፤ ያለው አንድ ቁጡ ብረት ነው።

ድሮ ድሮ፣ ጨው ገና በዓለም ላይ ሳይኖር፣ አያ ሶዲየም የሚባል ለስላሳ ብረት ነበር። በቢላዋ እንደ ቅቤ መቆረጡ ሳያሳፍረው «እኔ ብረት ነኝ!» እያለ ይፎክራል። የሚኖረው ላምባ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ከዚያ ከወጣ ከአየሩ ይጣላል፤ ውሃ ከነካው ደግሞ ይፈነዳል። አንድ ቀን አንዲት የውሃ ጠብታ «እንደምን አደርክ?» ብትለው ሰፈሩን በእሳት አንጨረጨረው። ሰላምታ እንዲህ የሚመልስ ጎረቤት ለጠላትም አይስጥ!

የጠቡ ሁሉ ምክንያት አንድ ኤሌክትሮን ነበር። አያ ሶዲየም አሥራ አንድ ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ሁለቱ በእልፍኝ፣ ስምንቱ በአዳራሽ፣ አንዱ ብቻውን በረንዳ ላይ። የበረንዳው ሲቁነጠነጥ እሱም አብሮ ይቁነጠነጣል። ምኞቱ አንድ ብቻ ነበር፤ እንደማንኛውም ጎረቤት ከውሃ ጋር በሰላም መዋል።

ቢጨንቀው ወደ ሽማግሌው ወደ አባ ኤሊ ሄደ።

«አባ ኤሊ፣ ምን ይሻለኛል?»

«ያንን ኤሌክትሮን ስጥና ተገላገል።»

«ለማን ልስጠው?»

«ለእመት ክሎሪን። በበረንዳዋ ሰባት አሏት፤ ስምንት ለመሙላት አንድ ጎድሏታል።»

እመት ክሎሪንን አገር ያውቃታል። ቢጫ አረንጓዴ ቀሚሷን እየጎተተች ስታልፍ መንደሩ ሁሉ ያስለዋል፤ የተጠጋት ትንፋሽ ያጥረዋል። እሱ የሚፈነዳ፣ እሷ የምትመርዝ! ከዚህ የተባረከ ጋብቻ ከየት ይገኛል?

«እመት ክሎሪን፣ አንድ ኤሌክትሮን ልስጥሽ?»

«ስጠኝ። ግን ነገ መጥተህ መልሺ ብትለኝ አልሰማህም።»

«አልልሽም።»

ሰጣት። ቦግ! ቢጫ ብርሃን አካባቢውን ሞላው። ሲበርድ እሱ ስለሰጠ ፖዘቲቭ፣ እሷ ስለተቀበለች ኔጋቲቭ ሆነው ተገኙ፤ ተሳስበውም ተያያዙ። ሌሎች ሶዲየሞችና ክሎሪኖችም አይተው እንዲሁ አደረጉ። አንድ ሶዲየም፣ አንድ ክሎሪን፣ አንድ ሶዲየም፣ አንድ ክሎሪን እየሆኑ ተሰለፉ። የሚፈነዳውና የምትመርዘው ተጋብተው ነጭ ጨው ሆኑ። አያ ሶዲየም ከደስታው ብዛት አለቀሰ።

«አደራ፣ ቦታህን አትልቀቅ» አለው አባ ኤሊ።

መጀመሪያ እሳት መጣ። «ላቅልጥህ?» አለ። መቶ ዲግሪ ሞከረ፤ ምንም። አምስት መቶ ሞከረ፤ ምንም። «ስምንት መቶ ካላለፍክ ባትደክም ይሻልሃል» አለው አያ ሶዲየም። እሳት እንጨቱን ጨርሶ አፍሮ ሄደ።

ቀጥሎ ኤሌክትሪክ መጣ። «መንገድ ስጡኝ፣ ልለፍ።» «ሁላችንም ቦታችን ላይ ተቆልፈናል፤ ማን ያሳልፍሃል? ዙረህ ሂድ!» አሉት። ዞሮ ሄደ።

አያ ሶዲየም አሁን ልቡ አበጠ። በቢላዋ ይቆረጥ የነበረው ጌታ ምሽግ ነኝ አለ።

በሦስተኛው መዶሻ መጣ። መዶሻ ብልጥ ነው፤ አልፎከረም፣ አዘነለት እንጂ።

«አያ ሶዲየም፣ አንጀቴን በላኸው። ከፊትህ ክሎሪን፣ ከኋላህ ክሎሪን፣ ከቀኝ ከግራ ክሎሪን፣ ከላይ ከታች ክሎሪን! የገዛ ወንድሞችህ የት አሉ?»

አያ ሶዲየም እስከዚያች ሰዓት ወንድሞቹ ትዝ ብለውትም አያውቁም። አሁን ግን ናፍቆት ገደለው።

«እውነትህን ነው! ምን ይሻላል?»

«አንዲት ረድፍ ብቻ ገፋ ላድርግ፤ ከወንድምህ ፊት ለፊት ትቀመጣለህ።»

«ተው አንተ ሰው!» አለች እመት ክሎሪን። «ወንድምህም እንዳንተ ፖዘቲቭ ነው፤ ይገፋሃል።»

«ዘመድ ዘመዱን አይገፋም! ግፋኝ፣ መዶሻ!»

መዶሻ ኳ አደረገው። ረድፉ ተንሸራተተ። ሶዲየም ከሶዲየም፣ ክሎሪን ከክሎሪን ፊት ለፊት ተፋጠጠ።

«ወንድሜ!» አለ አያ ሶዲየም እጁን ዘርግቶ።

«ወዲያ በልልኝ!» አለው ወንድሙ።

ቀጭ! እሳት ያቃተውን ጨው የዘመድ ናፍቆት ለሁለት ሰነጠቀው።

አያ ሶዲየም ያለበት ቁራጭ ተንከባሎ ኩሬ ውስጥ ገባ። «አለቀልኝ፣ ፈነዳሁ!» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ያቺው የጥንቷ ጠብታ ቀረበችና «እንደምን አደርክ?» አለችው።

ጠበቀ። ምንም። ያ ቁንጥንጥ ኤሌክትሮን እኮ እመት ክሎሪን ዘንድ ነው!

«ደህና አደርኩ፣ እግዜር ይመስገን» አለ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ።

ውሃ ግን ከቦ እሱን በአንድ ወገን፣ እመት ክሎሪንን በሌላ ወገን ወሰዳቸው። ኤሌክትሪክ መጣና ያለ ምንም ልመና በመካከላቸው አለፈ፤ አሁን ሁሉም ከቦታው ስለተፈታ ተሸክሞ የሚያሻግረው አላጣም። አያ ሶዲየም የተመኘውን አገኘ፤ ከውሃ ጋር በሰላም ዋለ። ወንድሞቹም እዚያው ነበሩ፤ ሲጠጉት ይሸሻል፣ ሲጠጋቸው ይሸሻሉ። እመት ክሎሪን በጣም ናፈቀችው።

ፀሐይ ወጥታ ኩሬውን ስታደርቀው እየተሽቆጠቆጠ ወደ እሷ ሄደ።

«እመት ክሎሪን፣ ቦታዬ አለ?»

እሷም በዙሪያዋ የተቀመጡትን ቆጠረች። «ስድስት ሶዲየም ነው የሚያስፈልገኝ፤ አምስት መጥተዋል። ግባ፤ አፍህን ግን ዝጋ።»

ገባ፤ አፉንም ዘጋ።

የሚመስልህ ይገፋሃል፣ የሚሞላህ ይይዝሃል። ተረቴን መልሱ፣ አፌንም በዳቦ አብሱ፤ ጨው የሌለው ዳቦ ከሆነ ግን ለመዶሻው ስጡት።