እመት ጅግራና የምሥራች ነጋዴዎች

ቀረብ በሉና ስሙኝ። የማጫውታችሁ እንስሳት ሸንጎ ይቀመጡበት፣ በርና ሰፌድ አፍ አውጥተው ይናገሩበት በነበረው በዚያ በድሮው ዘመን የሆነውን ነው። አላምንም የሚል ካለ ወደ ዳር ይበልና የሚያምነው ይጠጋ።

እኛ ዛሬ አንዱ «የምሥራች!» ሲለን «ምስር ብላ!» ብለን እንመልሳለን። ምስሩን ግን አንሰጠውም፤ አፋችን እንጂ እጃችን አይዘረጋም። በዚያ አገር ነገሩ የእውነት ነበር። «የምሥራች!» ብሎ ደጅ ለቆመ ሁሉ የቤቱ ባለቤት በሩን ይከፍታል፣ ዜናውን ይሰማል፣ «ምስር ብላ!» ይላል፣ ከዚያም ከምስሩ ዘግኖ ይሰጣል። እንቢ ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ ደግ ወግ ነበር። የወለደች፣ ከሕመም የተነሣ፣ ከሩቅ አገር የተመለሰ ሲገኝ አብሳሪው ይሮጥ ነበር። በኋላ ግን ሥራ ፈቶቹ ነቁ። ዜና ቢኖርም ባይኖርም ምስሩ እንደማይቀር ገባቸው።

በዚያ አገር እመት ጅግራ የምትባል ባለሙያ ነበረች። ምስሯን ራሷ ዘርታ፣ ራሷ አጭዳ፣ ራሷ ወቅታ ታስገባለች። ታዲያ የማን ደጅ ይጣበብ? የእሷ!

ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚመጣው ጦጣ ነው።

«ቤቶች! የምሥራች!»

«ምን ተገኘ?»

«ወንዝ ማዶ ያለው አጎትሽ ሞተ!»

«ሞት ከመቼ ወዲህ ነው የምሥራች የሆነው? ደግሞስ ወንዝ ማዶ አጎት የለኝም።»

«ለዚህ እኮ ነው የምሥራች ያልኩሽ! የማታውቂው አጎት፣ የማታለቅሺለት አጎት፣ ሙሉ ጎተራ አወረሰሽ! ጎተራውን ለማስከፈት ትንሽ ምስር ብቻ ወዲህ በይ።»

ጦጣ ዞር ሳይል ቁራ አጥሩ ላይ ያርፋል።

«የምሥራች! የላባ ነጠብጣብ የሚያጠፋ ቅባት ወጣ! አንዴ ብትቀቢው እንደኔ ጥቁር ብለሽ ትቀሪያለሽ!»

«ነጠብጣቤን አጥፉልኝ ብዬ መቼ ለመንኩህ?»

«ዛሬ አትለምኚም፤ ነገ ትለምኛለሽ። ነገም እመጣለሁ።»

በመጨረሻ አያ ጅቦ ይመጣል፣ ድምፁን አለስልሶ።

«የምሥራች፣ እመት ጅግራ! ዕጣ ወጣልሽ!»

«ዕጣ መቼ ቆረጥኩ?»

«ሳትቆርጪ ወጣልሽ፤ ደስ የሚለው እሱ አይደል! እኔ እንኳ ምስር አልበላም። የምትተኚበትን ጥግና በርሽ በምን በምን እንደሚከፈት ብቻ ንገሪኝ፤ ዕጣሽን ራሴ አምጥቼ አጠገብሽ አስቀምጥልሻለሁ።»

ያስቃል አይደል? እሷን ግን አላሳቃትም። ለምን እንዳላሳቃት ልንገራችሁ።

እመት ጅግራ ዛጎል የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ዛጎል ከኮረብታው ጀርባ ነው የምትኖረው፤ አንድ ክንፏ ተሰብሮ ሳይጠገን ቀርቷል። በአንድ ክንፍ እንቁላል መታቀፍ ይቻላል። ጫጩቶችን ከጭልፊት መጋረድ ግን አይቻልም። ስለዚህ እናትና ልጅ ተማክረው ነበር፤ ጫጩቶቹ የተፈለፈሉ ዕለት ዛጎል ድንቢጥን ትልካለች፣ እመት ጅግራም ሮጣ ትደርሳለች፣ በሁለት ክንፏ ትጋርዳቸዋለች።

አምና ድንቢጥ በጠዋት ነበር የመጣችው። ጦጣ ይጮኻል፣ ቁራ ይጮኻል፣ አያ ጅቦ ይጮኻል። ድንቢጥም «የምሥራች! የምሥራች!» አለች፤ የእሷን ቀጭን ድምፅ ግን ማን ይስማው? እዚያው ሰልፍ ውስጥ ተገፍታ ዋለች። እመት ጅግራ ዜናውን ሰምታ ስትደርስ ጭልፊት ቀድሟት ነበር። ጎጆው ውስጥ ያገኘችው ቅርፊት ብቻ ነው። ልጇ አልወቀሰቻትም፤ ዝም ብላ አየቻት። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ዘንድሮ ዛጎል እንደገና ታቀፈች። እመት ጅግራም አንድ ጠዋት ብድግ አለችና ከዋንዛ እንጨት የተሠራው በሯ ፊት ቆመች።

«ስማ በሬ! ዘንድሮ አይደረግም! ከዛሬ ጀምሮ ‹የምሥራች› ያለህን ሁሉ መልስ።»

«እሺ እመቤቴ» አለ በሩ። «ክፈት ካሉኝ እከፍታለሁ፣ ዝጋ ካሉኝ እዘጋለሁ። ማሰብ ግን አልተማርኩም።»

ያን ዕለት ደጁ ጭር አለ። በማግስቱ ግን ጦጣ መጥቶ ጉሮሮውን ጠራረገና «የምሥራሽ!» አለ። በሩ ወለል አለ። ቁራ «የም፣ ቋ፣ ሥራች!» አለ። በሩ ወለል አለ። አያ ጅቦ «ራችየምሥ!» ብሎ ገባ።

«አንተ ደንቆሮ!» አለች እመት ጅግራ በሩን። «ምን ሆነህ ከፈትክላቸው?»

«‹የምሥራች› ያለኝን መልስ ነው ያሉኝ። እነዚህ ‹የምሥራች› አላሉም። አንዱማ ምን እንዳለ ለራሱም አልገባው።»

ይባስ ብላ ተናደደች። «እንግዲያው ለማንም አትክፈት! ንጉሥ ቢመጣ አትክፈት!»

በሩ ግጥም አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። እመት ጅግራ እፎይ ብላ ምስሯን ሰፌድ ላይ አፍስሳ ማንገዋለል ጀመረች። ሰፌድ አሮጊት ናት፤ ከእመት ጅግራ እናት የተረፈች፣ ጠርዟ የተበላ፣ ምላሷ ግን ያልተበላ።

«አይ ጅግራ» አለች ሰፌድ እየተወዛወዘች። «እንዲህ ከዘጋሽው ድንቢጥ በየት ልትገባልሽ ነው? በጭስ መውጫው?»

እመት ጅግራ ክው አለች። ጭልፊት የሚፈልገውን ራሷ ልትሠራለት ነበር።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች። «ከከፈትኩ ያጥለቀልቁኛል፣ ከዘጋሁ ልጄን አጣለሁ።»

«እኔ ምስር ሲመጣልኝ አልመልስም፣ ዝም ብዬም አልቀበልም» አለች ሰፌድ። «እለያለሁ። በርሽ ቃል አይጠብቅ፤ ቃል ማንም ይጠመዝዘዋል። ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ከማን ነው የመጣኸው? ምን ትፈልጋለህ? የታወቀ ላኪ ያለው፣ ምንም የማይፈልግ፣ እሱ ይግባ። ሌላው ጓሮ ሄዶ ይጠብቅ። እነዚያን ሦስቱን ግን ስማቸውን ለበሩ ንገሪው፤ ሺህ ጊዜ ድምፃቸውን ቢለውጡ ከአጥሩ አይለፉ።»

«ጓሮ? ለምን አላባርራቸውም?»

«እኔን እያየሽኝ! ስንት ዘመን ሳንገዋልል ኖሬ፣ እስካሁን ከገለባው ጋር ደህና ምስር አወጣለሁ። እናትሽ ገለባውን ሳትበረብር ደፍታው አታውቅም። አንቺም በየቀኑ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ጓሮውን በዓይንሽ እይው። ለበሩ አትተይው፤ ለኔም አትተይው።»

እንደተባለው ሆነ። በሩ ጥያቄውን ተማረ። ጦጣ «ከአጎትሽ ነው የመጣሁት» ሲል ድምፁ ታወቀና ከአጥር ውጭ ቀረ። ቁራም ቀረ። አያ ጅቦ «እኔ ድንቢጥ ነኝ» ብሎ በቀጭኑ ሞከረ፤ በሩ እንኳ ሳቀበት። ወሬያቸውን ይዘው የመጡ ሌሎች ደግሞ ጓሮ ውስጥ እርስ በርሳቸው ዕጣ ይሻሻጡ ጀመር።

ሦስቱ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሸንጎ ሄደው ከሰሷት።

የሸንጎው ዳኛ አባ ጉሬዛ ነበሩ፤ ነጭ ጸጉራቸው ትከሻቸው ላይ ወርዶ ጋቢ የለበሱ ይመስላሉ። አገሩ ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። እመት ጅግራም ተጠርታ መጣች።

«አንቺ ጅግራ» አሉ አባ ጉሬዛ፣ «የአባቶቻችንን ወግ አፍርሰሻል ተብለሽ ተከሰሻል። አብሳሪ ደጅ ይመለሳል? አብሳሪ ጓሮ ይጣላል?»

«አብሳሪ አይመለስም፣ አባቴ። እነዚህ ግን አብሳሪ አይደሉም።»

ጦጣ ዘሎ ተነሣ። «አልሰማችንም እኮ! ሳትሰማን በምን አወቀች?»

«አምና ሰምቻችኋለሁ! ዘንድሮ ሰምቻችኋለሁ! ባለፈው ሳምንት ሰምቻችኋለሁ! አጎቴ ስንት ጊዜ ነው የሚሞተው?»

ሸንጎው ሳቀ። አባ ጉሬዛ አልሳቁም።

«ምን ይጎዳሻል?» አሉ። «ትሰሚያለሽ፣ ትዘግኛለሽ፣ ይሄዳሉ። መስማት ያደክማል እንዴ? ሁላችንም እየሰማን አይደለም የምንኖረው?»

በዚህ ጊዜ እመት ጅግራ ላባዋ ሁሉ ቆመ።

«መስማት ነው የልጄን ጫጩቶች ያስበላኝ! እነሱን ስሰማ የልጄን መልእክት ሳልሰማ ቀረሁ። አምና ቅርፊት ስለቅም ከመካከላችሁ አብሮኝ የለቀመ አለ? ምስሩ የኔ ነው። በሩ የኔ ነው። ጆሮውም የኔ ነው! ማን እንደሚገባበት የምወስነው እኔ ነኝ!»

 ከዚያ ሽማግሌዎቹ ጎርበጥ እያላቸው መንሾካሾክ ጀመሩ፤ ቅጣት ሊቆርጡ ነው። እመት ጅግራ ቀና ብላ አየች። ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። ዞረችና መንገድ ጀመረች።

«ወዴት ነው?» አሉ አባ ጉሬዛ። «ፍርድሽን ሳትሰሚ?»

«ጓሮዬን የማይበት ሰዓት ነው። ፍርዱን እዚሁ ጨርሱት!»

ሸንጎ ሳይነሣ መነሣት በዚያ አገር ተሰምቶ አይታወቅም። 

ቤቷ ደርሳ ጓሮ ገባች። «ዕጣ! ዕጣ!» ይላል አንዱ። «የጥፍር ማሾያ!» ይላል ሌላው። እመት ጅግራ እየገፈተረች አንድ በአንድ አየች፤ አጥሩ ጥግ ደርሳ ጎንበስ አለች። አቧራ የመሰለች ድንቢጥ እዚያ ተቀምጣለች፣ ምላሷ ደርቆ።

«ድንቢጥ! አንቺን ማን ጓሮ አስገባሽ?»

«በሩ ነው፣ እትዬ። ‹ከማን ነው› አለኝ፤ ‹ከዛጎል› አልኩት። ‹ምን ትፈልጊያለሽ› አለኝ፤ ኮረብታውን በርሬ ተሻግሬ ጠምቶኝ ነበርና ‹ውሃ› አልኩት። ‹የሚፈልግ ጓሮ› ብሎ ላከኝ። እትዬ፣ ጠዋት ተፈለፈሉ!»

እመት ጅግራ በሩን ለመስደብ እንኳ አልቆመችም። «ውሃ ስጧት!» ብላ ጮኸችና ኮረብታውን ሽቅብ ተያያዘችው። ጅግራ ስትሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እግሯ አይታይም። ይህቺኛዋ ደግሞ የአምናውን ቅርፊት እያሰበች ነበር የምትሮጠው።

ስትደርስ የጭልፊት ጥላ ሣሩ ላይ ይዞራል። ዛጎል አንዷን ክንፏን ዘርግታ ትንቀጠቀጣለች፣ አንዷ ክንፍ ያልበቃቸው ግማሾቹ ጫጩቶች ውጭ ይንጫጫሉ። እመት ጅግራ ተወርውራ ገባችና ሁለት ክንፏን ዘረጋች። አንድም ጫጩት ውጭ አልቀረም።

«እመት ጅግራ» አለ ጭልፊት ከላይ ሆኖ፣ «አገር እየረገመሽ ነው አሉ። ሸንጎ ረግጠሽ ወጣሽ አሉ። ሄደሽ ይቅርታ ብትጠይቂ አይሻልሽም?»

«ይርገሙኝ!» አለች ቀና ብላ፣ ዓይን ለዓይን እያየችው። «እኔ እዚህ ነኝ። የምትወርድ ከሆነ ውረድ!»

ጭልፊት ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ከዚያ ክንፉን ሰብስቦ ሌላ ምሳ ፍለጋ ሄደ። ዛጎል እናቷን አየቻት፤ አሁንም ምንም አላለችም። አንገቷን ግን እናቷ አንገት ላይ አሳረፈች፣ እመት ጅግራም አለቀሰች።

ጫጩቶቹ ጠንክረው መሄድ ሲጀምሩ ከነእናታቸው ሁሉንም ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሩን ጠርታ «ለተጠማ ውሃ መስጠት ካልቻልክ አንተ በር አይደለህም፣ ግንድ ነህ» አለችው። «ድንቢጥ ከሆነች ምንም አትጠይቃት።» በሩም ይህቺን አንዲት ነገር ጨምሮ ተማረ።

አባ ጉሬዛ ፍርዱን ሊያሰሙ ሽማግሌዎቹን አስከትለው ደጇ ድረስ መጡ። ጦጣ፣ ቁራና አያ ጅቦ ደስ ብሏቸው ከኋላ ቆመዋል። አባ ጉሬዛ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አንቺ ጅግራ! ወግ አፍርሰሻል፣ ሸንጎ ረግጠሻል። በዚህ አገር ታይቶ የማይታወቅ ከባድ ቅጣት ቆርጠንብሻል። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ዕድሜሽ ፍጻሜ፣ ከዚህ አገር አንድም ፍጡር ደጅሽ ቆሞ ‹የምሥራች› እንዳይልሽ!»

ሽማግሌዎቹ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። የሦስቱ ፊት ግን አመድ መሰለ፤ ምን እንደተፈረደባቸው ቀድመው የገባቸው እነሱ ናቸው።

እመት ጅግራ ከነልጅ ልጆቿ ደጃፉ ላይ ወጣች፣ ደረቷን ነፋች፣ አገር እስኪሰማ ጮኸች።

«አሜን!»

ተረቴ ይኸው ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል፤ ደጅህን ያንኳኳ ሁሉ ጆሮህ ላይ መብት የለውም፤ የምትወደው እንዳይቀርብህ ግን ጓሮህን ራስህ እይ።