በቃኝ የማትለው አበባ

አንድ ቀን ጥላዬ የሚስቱን እናት ሊጠይቅ ደብረ ብርሃን ሄደ። ወይዘሮ ዘነቡ እንግዳ ሲመጣላቸው የሚሆኑትን ያጣሉ፤ «በሞቴ» ሳይሉ አንድ ጉርሻ አያልፍም። «በቃኝ» የሚባል ቃል እቤታቸው አይታወቅም። የታላቅ ልጃቸው ባል አንዴ አፉን አዳልጦት ቢናገረው፣ «እጄን ተጸየፈ» ተብሎ እስከ ዛሬ በክፉ ይነሳል። ጥላዬ ይህን ስለሚያውቅ ዝም ብሎ ጎረሰ። ቀይ ወጡ አለቀ ሲል አልጫው ተከተለ፤ አልጫው ከጉሮሮው ሳይወርድ ቋንጣ ፍርፍሩ መጣ። ቀበቶውን በስውር ፈታ። ትንፋሹ አንገቱ ላይ ቆሞ፣ ማምለጫ ሰበብ ፍለጋ ዓይኑን ሲያንከራትት መስኮቱ ሥር አንዲት አበባ አየ። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለች ናት፤ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ግማሹ ረግፏል።

«እማማ፣ ይቺ አበባ ምን ሆነች?»

«ተወኝ እባክህ ልጄ! ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ! ቢጫ ባለች ቁጥር ደግሞ እጨምርላታለሁ። የሰው ዓይን በልቷት ነው እንጂ እኔ ምን አጎደልኩባት?»

ጥላዬ ከማዕዱ የሚነሳበት ምክንያት በማግኘቱ ደስ ብሎት ብድግ አለ። ጣቱን አፈሩ ውስጥ ቢሰድ ጭቃ ነው። ቆርቆሮውን አንስቶ ከታች ቢያይ ውሃ መውጫ ቀዳዳ የለውም።

«ዓይን አይደለም እማማ፣ ጠግባ ነው። ጠግባም ይጨምሩላታል። በቃኝ እንዳትል አፍ የላት፣ ተነስታ እንዳትሄድ እግር የላት!»

ወይዘሮ ዘነቡ ጭልፋቸውን እንደያዙ አበባዋን አዩ፤ እሱንም አዩ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው።

«እሷስ ቢጫ ሆናለች፤ አንተ ምን ሆንክና? ፊትህ ወዝ በወዝ ነው! በል በሞቴ፣ ይቺን ጭልፋ ብቻ!»

ጥላዬ ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ፣ «እማማ፣ እሷም እኮ የበሰበሰችው ከሥር ጀምራ ነው። ቅጠሏ ላይ እስኪታይ ድረስ፣ እርስዎም ወዝ በወዝ ነሽ እያሉ ሲያጠጧት ነበር» አላቸው።

ወይዘሮ ዘነቡን ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ጭልፋውም ወደ ድስቱ ተመለሰ። ቆርቆሮው በምስማር ተበሳ፤ ወይዘሮ ዘነቡም አፈሩን በጣታቸው እየነኩ ሲደርቅ ብቻ ማጠጣት ጀመሩ፣ አበባዋም ውሎ አድሮ አዲስ ቅጠል አወጣች። ታዲያ ጥላዬ በሄደ ቁጥር ወይዘሮ ዘነቡ ከማጉረሳቸው በፊት ጣታቸውን ወደ ሆዱ ቀስረው ይጠይቁታል፦

«ደርቋል ወይስ ገና ነው?»